ጀበናው የት ይቀመጥ? በማደሪያ መኪና ውስጥ ለአስቸጋሪ ዕቃዎች ቦታ የማውጣት ዝርዝር መመሪያ

የአባዱላቸውን የኋላ ወንበሮች አስወጥተው አልጋ ያስገቡ ሰዎች ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለሱ የሚያሰሙት ስሞታ አንድ ነው። ልብሱም ፍራሹም ገብቷል፤ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ጀበናው፣ ታጣፊ ወንበሩ፣ የድንኳኑ ቋሚና ክሪኩ ግን በየጥጉ ሲንከባለሉ ሰነበቱ። ደጀን ላይ ቁርስ ለመብላት ቆመው የኋላውን በር ሲከፍቱ ግማሹ ዕቃ አስፋልት ላይ ተዘረገፈ።

ቦታ አልጠፋም፤ የጠፋው ተራው ነው። ቡሉኮና ሹራብ የትም ጉድጓድ ውስጥ ይጠቀጠቃሉ፣ ጀበና አይጠቀጠቅም። ሰው ግን ከሚቀለው ይጀምራል፦ ፍራሹን ያነጥፋል፣ ሻንጣውን ያስገባል፣ ከዚያ ጀበናውን በእጁ ይዞ ዙሪያውን ያያል። ይህን ገልብጡት። ቅርጹ የማይታጠፍ ዕቃ ቀድሞ ቦታውን ይያዝ፤ የሚታጠፈው በተረፈው ይግባ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አባዱላ ላይ ተሞክሮ የተጻፈ ነው። ሌላ ዓይነት ሚኒባስ ያላችሁ ልኩን ቀይሩ፣ ተራውን ግን አትንኩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዝናብ የማይጥልበት አንድ ሙሉ ቀን መድቡ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፤ ዘንበል ባለ ቦታ የተለካ ልክ ያሳስታል። የሚያስፈልጋችሁ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ደብተር፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ የእጅ ባትሪ፣ የሰው ክብደት የሚለካ ሚዛንና ከሱቅ የተለመነ ብዙ ካርቶን ነው። ትራፓኖና ብሎን የሚመጡት ኋላ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የፕላስቲክ ሳጥን አሁን አትግዙ። ገበያ ሄዶ አራት የሚያምሩ ሳጥኖች መግዛት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሳጥኑ ክዳኑ አልጋው ሥር አይከፈትም፣ ጎኑ ከጎማው ጉብታ ጋር ይጋጫል፣ ጀበናውም በሁለት ጣት ይበልጠዋል። ሳጥን የሚገዛው ደረጃ 4 ካለቀ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ሁሉን አውጡና በሚፈለግበት ሰዓት ለዩ

መሬት ላይ ሸራ አንጥፉ። ዕቃውን በሙሉ አውጥታችሁ ደርድሩ። በመጠን አትለዩት፤ መቼ እንደሚፈለግ እየጠየቃችሁ በሦስት ክምር አድርጉት።

ክምር ሀ፦ በድንገት፣ በጨለማ፣ በዝናብ የሚፈለግ። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ታኮ፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ማስጠንቀቂያ ምልክት፣ እሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን፣ የእጅ ባትሪ።

ክምር ለ፦ መኪናው ለአዳር በቆመ ቁጥር የሚወጣ። የጋዝ ምድጃ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ ጀበናና ሲኒ፣ ባልዲ።

ክምር ሐ፦ በጉዞው አንዴ ወይም ሁለቴ የሚነካ። ድንኳን፣ መጎተቻ ገመድ፣ ትርፍ ሸራ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ የሶላር ገመድ።

ክምር ሀ ላይ አትቀልዱ። እኔ የተማርኩት በሐምሌ ዝናብ፣ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን በሚወጣው ዳገት ላይ ጎማ ሲፈነዳ ነው። ክሪኩ አልጋው ሥር፣ በሁለት ሙሉ ጀሪካን ኋላ ነበር። ፍራሹን ጭቃ ላይ አውርጄ ስቆፍር አንድ የጭነት መኪና ቆመና ረዳቱ የራሱን ክሪክ ይዞ ወረደ። «ወንድሜ፣ ክሪክህን ቀብረህ ነው እንዴ የምትዞረው?» አለኝ። ፍራሹ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ፈጅቷል።

ከሦስቱ ክምር የማይገባ ዕቃ ካለ ቤት ይቅር። እኛ ቤት ለወራት ያጨቃጨቀው መሶብ ነበር፤ እናቴ እንጀራ ያለ መሶብ መንገድ አይወጣም ባይ ናት። መሶቡ ቤት ቀርቶ በምትኩ አገልግል ገባ። ቆዳ የለበሰ ነው፣ ማንጠልጠያ አለው፣ ክዳኑ ይጠብቃል፣ ቢወድቅም አይሰበርም። እሷም እኔም አልተሸነፍንም።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን በሰፊው ጎኑ ለኩ

እያንዳንዱን አስቸጋሪ ዕቃ በሦስት አቅጣጫ ለኩና ጻፉ፦ ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመት። ሰው የሚሳሳተው ሆዱን ለክቶ እጀታውን ሲረሳ ነው። ጀበናን ከእጀታው ጫፍ እስከ መቅጃው ጫፍ፣ ከነአንገቱ ለኩ። የጋዝ ሲሊንደርን ከነሬጉሌተሩና ከቱቦው መታጠፊያ ጋር ለኩ። ታጣፊ ወንበርን አጥፋችሁ፣ ግን ሳትጫኑት ለኩ፤ በእጅ ተጭኖ የተለካ ወንበር መንገድ ላይ ይነፋል።

በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ይህ የእጃችሁና የመጠቅለያው ጨርቅ ቦታ ነው።

ከባድ የሚመስለውን ሁሉ መዝኑ። በእጅ የማይያዝ ከሆነ ዕቃውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ቁሙ፣ ከዚያ የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ። ውሃ መመዘን አያስፈልገውም፤ 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት 60 ኪሎ፣ ማለትም ወንበር የማይዝ አንድ ተሳፋሪ ነው።

ደረጃ 3፦ ባዶ ኪሶችን አድኑ

አሁን ወደ መኪናው ግቡ። አልጋው እንደ ማታው ተዘርግቶ፣ በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ፈልጉ። በር ከፍቶ የተለካ ቦታ በር ሲዘጋ የለም። ባገኛችሁት ባዶ ኪስ ሁሉ በጠመኔ ቁጥር ጻፉበትና ልኩን ደብተር ላይ አስፍሩ።

1. ከኋላ ጎማ ጉብታ ፊትና ኋላ። ከአልጋው ሥር በግራና በቀኝ የሚቀረው ጎባጣ ቦታ ነው። አራት ማዕዘን ሳጥን አይቀበልም፤ ገመድ፣ ቱቦ፣ የታጠፈ ሸራ ግን ይወደዋል።

2. ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ። ቀጥ ያለ፣ ጠባብና ረጅም ነው። ለታጠፈ ጠረጴዛ የተፈጠረ ይመስላል።

3. የኋላው በር ውስጠኛ ገጽ። የአባዱላ የኋላ በር ወደ ላይ ስለሚከፈት በሩ ላይ የተሰቀለ ዕቃ ሁሉ በሩ ሲነሳ ይገለበጣል፣ የበሩን ማንሻም ያደክማል። ቀላልና የተጣበቀ ነገር ብቻ፦ ጓንት፣ ቀጭን ገመድ።

4. የተንሸራታቹ በር መርገጫ። መኪናው ሲቆም እግር ይረግጠዋል፣ ሲሄድ ግን ባዶ ነው። የጭቃ ጫማ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

5. ከጋቢናው በላይ፣ ጣሪያው ሥር። ረጅም ጣሪያ ላላቸው ብቻ ነው። ስታቆሙ በራሳችሁ ላይ ቢወድቅ የማይጎዳ ነገር ይግባበት፤ ቡሉኮ፣ ጋቢ፣ ጃኬት። የብረት ድስት እዚያ ያየሁበት መኪና ላይ አልሳፈርም።

6. በአልጋው እግሮችና በኋላው በር መካከል ያለው ስንጥቅ። ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ክምር ሀ የሚገባው እዚህ ነው፤ የኋላው በር እንደተከፈተ እጅ ያገኘዋል።

አንድ ቦታ ከዝርዝሩ ሰርዙ፦ ከሾፌሩና ከጎኑ ባለው ወንበር ሥር። አባዱላ ሞተሩ እዚያ ነው። ይሞቃል። ቅቤ ይቀልጣል፣ ሻማ ይጣመማል፤ ጋዝ ወይም ክብሪት ማስቀመጥማ ፈጽሞ አይታሰብም።

ሌላው ሁሌ የሚረሳው የኪሱ አፍ ነው። ውስጡ 40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አፉ 25 ከሆነ ኪሱ 25 ነው። አፉን ለኩ።

ደረጃ 4፦ በካርቶን ሞክሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል። እያንዳንዱን አስቸጋሪ ዕቃ በለካችሁት ልክ ከካርቶን ቆርጣችሁ እንደ ሳጥን በፕላስተር ግጠሙት፤ ላዩ ላይ የዕቃውን ስምና ክብደት ጻፉ። ከዚያ በካርቶኖቹ ኪሶቹን ሙሉ።

ተራው እንዲህ ነው፦

1. መጀመሪያ ክምር ሀን በኪስ 6 አስገቡ። ሌላ ምንም ሳይነካ መውጣት አለበት።

2. ከዚያ ጋዝና ውሃ። ቦታቸውን የሚወስነው ክብደትና አደጋ ስለሆነ ምርጫ የላቸውም።

3. ከዚያ ረጃጅሙን። ረጅም ዕቃ የሚተኛበት ቦታ ጥቂት ነው።

4. ከዚያ ተሰባሪውን።

5. የቀረውን ክምር ሐ ጥልቅ በሆነው ጉድጓድ።

ሁለት ቀን ካርቶኖቹን እዚያው ተዉአቸውና አልጋው ላይ ተኙ፣ ውጡ፣ ግቡ። እግራችሁ የሚመታው ካርቶን ቦታው ተሳስቷል። ሌሊት ለሽንት ስትነሱ የምትረግጡትም እንዲሁ።

ደረጃ 5፦ ክብደቱን አስተካክሉ

በቅሎ የጫነ ሰው ይህን ደረጃ አንብቦ ይስቃል። ጭነት በግራና በቀኝ ካልተካከለ ኮርቻው ይዞራል፤ መኪናም ያው ነው።

ከባዱን ሁሉ ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል አድርጉ። ጀሪካኖቹ በቀኝ ከሆኑ ሲሊንደሩና የመሣሪያ ሳጥኑ በግራ ይሁኑ። ከኋላ ጎማ ኋላ ብዙ ክብደት ከተከመረ የመኪናው አፍንጫ ይነሳል፣ መሪው ይቀልላል። ፖርቶመጋላው ላይ የሚወጣው ባዶ ጀሪካን፣ ድንኳንና ሸራ ብቻ ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አስቡት። ግማሹን ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፤ ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ ወደ ጋቢናው ይገፋል። የዓባይን ድልድይ ስትሻገሩ ደግሞ ዳገቱ ይጀምርና ያው ዕቃ ወደ ኋላው በር ይሄዳል። ስለዚህ መከልከያ በአንድ ወገን ብቻ አይበቃም። ከፊትም ከኋላም ይደረግ።

ከዚሁ ጋር ሳልረሳው፦ በረሃው ሥር አፉ ጠብቆ የታሰረ የዘይት ጠርሙስ ወይም የማር ዕቃ ደጀን ሲደርስ ይነፋል፣ ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳልና። ቀስ ብላችሁ፣ ጨርቅ ይዛችሁ ክፈቱት። ከደብረ ማርቆስ ባዶውን ተከድኖ የወረደ ጀሪካን በተቃራኒው በረሃው ውስጥ ይጨመደዳል። ከቦታው ተንሸራቶ የምታገኙት ጀሪካን ብዙ ጊዜ ማሰሪያው የላላው በዚህ ነው። ድልድዩ አካባቢ ከመድረሳችሁ በፊት ክዳኑን ላላ አድርጉ።

ደረጃ 6፦ ዕቃ በዕቃ

የጋዝ ሲሊንደር

ሲሊንደሩ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይጓዝም። የምድጃ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ወለሉ ወርዶ ይተኛል፣ እናንተ የምትተኙበት ከፍታ ላይ። ስለዚህ ለብቻው ሳጥን ሥሩለት፦

1. ሳጥኑ ወደ መኝታው ወገን ምንም ክፍተት አይኑረው፤ በሩ ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ኋላው ወይም ወደ ጎኑ በር ይሁን።

2. የሳጥኑ ወለል ላይ፣ የመኪናውን ወለል ዘልቆ የሚወጣ ከ5 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ቀዳዳ ይኑር። ቀዳዳው ከማርሚታው ይራቅ። በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፣ ጭቃ እንዳይደፍነውም በየሳምንቱ ተመልከቱት።

3. ሲሊንደሩን ወገቡና ትከሻው ላይ በሁለት ቀበቶ እሰሩ። አንድ ቀበቶ ያሽከረክረዋል።

4. ከመነሳታችሁ በፊት ቫልቩን በእጅ ዝጉ፤ ምድጃውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም።

5. መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትኑ። አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትን ሰው ካያችሁ ራቁት።

የጋዝ ሽታ ከመጣ፦ ሞተር አጥፉ፣ መብራትም ሆነ ማናቸውንም ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ በሮቹን ሁሉ ክፈቱ፣ ሰው አውርዱ፣ ቫልቩን ዝጉና ሲሊንደሩን አውጥታችሁ ሜዳ ላይ አቁሙት።

የከሰል ማንደጃ

አመድ ያለበት ማንደጃ መኪና ውስጥ አይገባም። የሞተ የሚመስል ከሰል ውስጡ ለሰዓታት ይነዳል። ውሃ አፍሱበት፣ አማስሉት፣ እንደገና አፍሱበት፤ ከዚያ ክዳን ባለው የቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ አድርጉት። ማንደጃው ራሱ ሲቀዘቅዝ በዚያው ባልዲ ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል፤ ሁለት አስቸጋሪ ዕቃ በአንድ ቦታ።

እንጅባራ ወይም ጮቄ ሥር ያደረ ሰው ብርዱን ያውቀዋል፤ ማንደጃውን ወደ ውስጥ ማስገባት ያምራል። አታስገቡ። የከሰል ጭስ መርዙ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። አንድ ቡሉኮ ጨምሩ።

ጀበናና ሲኒ

ጀበና የሚሰበረው አንገቱ ላይ ነው፤ የሚሰበረውም ወድቆ ሳይሆን ተንቀጥቅጦ ነው። ሆዱ ተይዞ አንገቱ ነፃ ከሆነ ኮረኮንች ላይ አንገቱ እንደ ደወል ይወዛወዛል። እንዲህ አድርጉ፦

ከሆዱ ትንሽ የሚሰፋ ባልዲ ፈልጉ። ከታች ማቶቱን አስቀምጡ፣ ጀበናውን በላዩ። ዙሪያውን በስፖንጅ ቁራጭ ወይም በአሮጌ ሹራብ እስከ ትከሻው ሙሉ። አንገቱን ለብቻው በጨርቅ ጠቅልሉና ጨርቁ ከባልዲው ጠርዝ ጋር እንዲደገፍ አድርጉት። እጀታው ወደ መኪናው ጎን፣ መቅጃው ወደ መሃል ይዙር። ሲኒዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው በጀበናው ዙሪያ ባለው ክፍተት ይገባሉ። ባልዲው ከአልጋው እግር ጋር ይታሰር።

ትኩስ ጀበና አትጠቅልሉ። ቡና አፍልታችሁ ወዲያው መነሳት ካለባችሁ አተላውን ደፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ቢያንስ ሆዱን በእጃችሁ መያዝ እስክትችሉ። ረከቦቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ከሾፌሩ ጀርባ ከጠረጴዛው ጋር ይቆማል። እግር ያለው ከሆነ ግልብጥ አድርጋችሁ በእግሮቹ መካከል ሌላ ዕቃ አስገቡ፤ እኔ ሽንኩርትና ድንች አስቀምጥበታለሁ።

ረጃጅም ነገሮች

የድንኳን ቋሚ፣ ዱላ፣ ጃንጥላ፣ የዓሣ ዘንግ። እነዚህን ሰዎች አልጋው ሥር ወርውረው ይተዋሉ፤ በሁለተኛው ቀን አንዱ ከሌላው ጋር ተጠላልፎ አንዱን ስትስቡ አምስቱ ይመጣሉ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ በመስኮቶቹ በላይ፣ ከፊት እስከ ኋላ ቦታ አለ። የውሃ ማስተላለፊያ ፕላስቲክ ቱቦ፣ ውፍረቱ 11 ሳንቲ ሜትር የሆነውን፣ በሚያስፈልጋችሁ ርዝመት አስቆርጡ። አንዱን ጫፍ በክዳን ድፈኑ፤ ክፍቱ ጫፍ ወደ ኋላው በር ይሁን። ቱቦውን በሁለት ወይም ሦስት የብረት ቀለበት ከመኪናው አጥንት ጋር ብሎን አድርጉት፤ ቆርቆሮው ላይ ብቻ የተያዘ ቱቦ ይነቀላል። የፊቱ ጫፍ በአንድ ጣት ዝቅ ይበል። አለበለዚያ ዳገት ላይ ዘንጎቹ ወደ ኋላ ወጥተው የኋላውን መስታወት ይመታሉ። ክፍቱን አፍ በጎማ ላስቲክ ማሰር አትርሱ።

የእርጥብ ነገር ቦታ

ከሰኔ እስከ መስከረም በጎጃም የምትዞሩ ከሆነ የዋልካ ጭቃ አብሯችሁ ይተኛል። ለእርጥብ ጫማ፣ ጃንጥላና ዝናብ ልብስ አንድ ጠፍጣፋ ገንዳ ብቻ መድቡ፤ መርገጫው ላይ ይቀመጥ፣ ማታ ወደ ውጭ ከመኪናው ሥር ይግባ። እርጥብ ነገር አልጋ ሥር አንድ ሌሊት ካደረ ፍራሹ ይሸታል።

ስኮርታ

ስኮርታው ከመኪናው ሥር ከኋላ ተሰቅሎ ካለ አትንኩት። ከጎማው መሃል ባለው ጉድጓድ ዕቃ መወተፍ የሚወዱ አሉ፤ ጭቃና ድንጋይ ያገኘዋልና ይቅርባችሁ። አንድ ነገር ግን አረጋግጡ፦ ስኮርታውን ማውረጃው ብረት ክምር ሀ ውስጥ መኖሩን።

በጀሪካን የተቀዳ ነዳጅ መኪናው ውስጥ አይገባም። መኪናው ማደሪያ ነው።

ደረጃ 7፦ እሰሩ

አባዱላ ወንበሩ ሲወጣ ወለሉ ላይ የወንበሩ ብሎን ጉድጓዶች ይቀራሉ። ከመኪናው ሁሉ ጠንካራዎቹ መያዣዎች እነሱ ናቸው። ባለ ቀለበት ብሎን ግዙና በእነሱ ላይ አጥብቁ፤ አዲስ ጉድጓድ ሳትበሱ አራትና ከዚያ በላይ ማሰሪያ ታገኛላችሁ።

የግድ መብሳት ካለባችሁ በመጀመሪያ ከመኪናው ሥር ገብታችሁ በባትሪ እዩ። የነዳጅ ታንከር፣ የፍሬን ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ ከወለሉ ሥር ይሄዳሉ። ያለ ሮንዴላ ብሎን አታስሩ፤ ከሥር ሰፊ ላሜራ ደግፉበት። የተበሳውን ጠርዝ ቀለም ቀቡት፣ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ለማሰሪያ የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ የሚወዳደረው የለም። ጎሚስታ ቤት ጠይቁ፤ በሁለት ጣት ስፋት ቁረጡት። ይሳባል፣ አያንሸራትትም፣ ድምፅ ይውጣል። ሲባጎ ግን በየኮረኮንቹ ይላላል። ከ10 ኪሎ በላይ ለሆነ ነገር ላስቲኩ ብቻውን አይበቃም፤ ባለ መቆለፊያ ቀበቶ ጨምሩ።

ወንበር ያወጣ ሰው ሊብሬው ላይ ያለው የወንበር ቁጥር ከመኪናው ጋር እንዳይለያይ ቦሎ ከማደሱ በፊት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

ደረጃ 8፦ በአጭር መንገድ ፈትኑ

ሙሉ ጭነት ጫኑና 20 ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች መንገድ ሂዱ። ረጅሙን ጉዞ ከመውጣታችሁ በፊት ይሁን። አንድ ሰው ቀበቶ አስሮ ይቀመጥና ድምፅ ይስማ፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይጻፍ። «ከኋላ ይመስላል» መልስ አይደለም፤ ቁሙና ዕቃውን አንድ በአንድ እየነካካችሁ ፈልጉት።

ባዶ ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ፍሬን በደንብ ያዙ። የተንቀሳቀሰው ዕቃ ከፊቱ መከልከያ የለውም።

በመጨረሻ የክምር ሀ ፈተና፦ ማታ፣ ያለ መብራት፣ ክሪኩን፣ መፍቻውንና ታኮውን አውጡ። ሌላ ዕቃ ከነካችሁ ወይም ሁለት ደቂቃ ካለፈ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

የኋላው በር አይዘጋም። በር በጉልበት አትግፉ። ከኪስ 6 አንድ ነገር ወደ ኋላ ተንሸራትቷል፤ በጎን በር ገብታችሁ ወደ ፊት ሳቡት። ዕቃው የተንሸራተተው በሩ ከተዘጋ በኋላ ከሆነ ደግሞ በቀስታ ክፈቱ፤ ዕቃው ደረታችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሳጥኑ ገብቶ አይወጣም። አየሩ ወይም እርጥበቱ ኮምፔርሳቶውን አንፍቶታል። በክረምት ይለመዳል። ጎኖቹን በሻማ ወይም በሳሙና እሹ። ካልሆነ ከየጎኑ ትንሽ ላጩ፤ ከዚያ ቀለም ቀቡት፣ ያልተቀባ እንጨት ተመልሶ ያብጣል።

የሚንኳኳው ድምፅ አይገኝም። ብረት ከብረት ነው። ድስቱን፣ ክሪኩንና የመሣሪያ ሳጥኑን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልሉ። ከዚያም ካልጠፋ ድምፁ ከዕቃው አይደለም፤ የበሩን ማጠፊያ ወይም ስኮርታውን እዩ።

ጀሪካኑ ያንጠባጥባል። ክዳኑ ውስጥ ያለችውን ላስቲክ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የለችም። ከጎማ ላስቲክ በክዳኑ ልክ ቁረጡና ተኩባት። እስከዚያው አፉ ወደ ላይ ይሁን።

ኬላ ላይ «ሁሉን ክፈት» ተባላችሁ። የተሸፈነና በብሎን የታሰረ ሳጥን እዚህ ነው የሚያስለቅሰው። እያንዳንዱ ክዳን በእጅ፣ ያለ መፍቻ የሚከፈት አድርጉት። የቱቦውን አፍና የጋዙን ሳጥን ራሳችሁ ቀድማችሁ ክፈቱና አሳዩ፤ ያልተለመደ ቅርጽ ያለው ነገር መጠየቁ አይቀርም። ፈታሹ ራሱ ጀበናውን ሲያወጣ ግን «ጌታዬ፣ እሱን እኔ ላውጣልዎ» በሉ። የመጨረሻው ጀበናዬ የተሰበረው በዳገት አልነበረም።

ከገበያ አዲስ ዕቃ ገዛችሁ። ከዳንግላ የማር እንስራ፣ ከሌላው ቅል። ቦታ የለውም፤ እግር ሥር ገብቶ ቤት ይደርሳል። መንገድ ላይ እንደምትገዙ ካወቃችሁ ከመነሻው አንድ ኪስ ባዶ ተዉ፤ በቡሉኮ ሙሉትና ሲያስፈልግ ቡሉኮውን አውጥታችሁ ልበሱት።